ሳይገለበጥ የጠፋው የሰርግ ፎቶ

በጦርነቱ መሀል፣ መንገዱ ዳግም በተከፈተ ሰሞን ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ በምትሄድ ታክሲ ከፊቴ አንዲት ሴትና ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ተበላሽቶብህ ነው ወንድሜ?»

«አይ፣ አዲስ ዊንዶውስ ላስጭንበት ነው።»

«ውስጡ ያለውን ገልብጠኸዋል?»

«ምንም አይሆንም ብለውኛል።»

«እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። የሰርጋችን ፎቶ በሙሉ ጠፋ። ፍላሹ እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሰነፍኩ።»

«ባለቤትሽ አልተቆጣም?»

«ሳቀብኝ እንጂ። ‹እኔ እያለሁልሽ ፎቶው ምን ያደርግልሻል?› አለኝ።»

«ደግ ሰው ነው።»

«ነበር። ጦርነቱ ወሰደው። ልጃችን ‹አባቴ ምን ይመስል ነበር?› ስትለኝ የማሳያት የለኝም።»

«አላህ ይርሀመው፣ እህቴ።»

«አሚን። አንተ ግን ገልብጥ።»

ሲሪንቃ ወራጅ ነበርኩ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ መርሳ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።