ከመጋረጃ የተረፈ

እትዬ ቻይነሽ የሆድ ነገር ሲኖራቸው ከዝናብ ነው የሚጀምሩት። ዘንድሮ አገራቸው ማንኩሳ ላይ በርበሬው እንዴት ያለ ነው፣ ከብቱስ እንዴት ከረመ፣ የወለተ ሐና ጉልበት ተሻለው ወይ... ጎረቤታቸው ወለተ ሐና መጥታ በረንዳው ላይ አብረው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ከጀርባቸው መስኮቱ ተከፍቷል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የልጃቸው የወንዳወቅ ሚስት እሹሩሩ እያለች ሕፃኑን ጡት ታጠባለች። ይህን እትዬ ቻይነሽ አሳምረው ያውቃሉ። የወለተ ሐና ጆሮ ደኅና ሆኖ ሳለ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉትም ለዚሁ ነው።

የዝናቡን ወሬ ሲጨርሱ ወደ ቤቱ ወሬ ገቡ። እንዴት ያለ ቤት ሆነላቸው፣ እቴ! መጋረጃው ላይ ትሪ የሚያህል ቀይ አበባ፤ ሶፋው ላይ ያው አበባ፤ ጠረጴዛው፣ ትራሱ፣ የቴሌቪዥኑ ልብስ ሳይቀር ያው አበባ። «ማች ማድረግ አለበት» ነው አሉ የሚባለው፤ እርሳቸው የገጠር ሴት ምን ያውቃሉ? ከማንኩሳ የመጡ ሰሞን ሶፋው ላይ ቅጠል ረግፏል ብለው መጥረጊያ ይዘው ሲታገሉ አልነበር? ቅጠሉ እንቢ ሲላቸው ደግሞ በጥፍራቸው... ኧረ ይቅር፣ ሶፋው አዲስ ነው።

እጇ ግን እጅ ነው፣ የዚያች ልጅ። ስም መጥራት ምን ያደርጋል፣ ሙያ ራሱ ይናገር የለ? ሁለት ጨርቅ ስትቀጥል የወዲህኛው ግማሽ አበባ ከወዲያኛው ግማሽ ጋር ልክክ ይላል፤ መጋጠሚያውን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። አንዲት ቅጠል አትስትም። ዓይን ማለት እንዲህ ነው አሉ፤ የእርሳቸውማ ዓይን ክር መርፌ ላይ ማስገባት ከተወ ስንት ዘመኑ።

ልቧስ ቢሆን? መጋረጃው ተሰፍቶ ሲያልቅ ጨርቅ ተረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን መወልወያ ያደርገው ነበር። እሷ ግን አሰበች፣ ለእርሳቸው በሕፃኑ ክርስትና የሚለብሱት ቀሚስ አደረገችው፣ ከነሻርፑ።

«እግዜር ሲጣላ በትር አይቆርጥም ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ እትዬ ቻይነሽ። «ለካ ቀሚስ ነው የሚቆርጠው...»

ደግሞም ወደዱት እኮ። የሚያስቀው ይኸ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው መስታወት ፊት ሲሽከረከሩ፣ ወንዳወቅን ጠርተው «እየኝ» ሲሉ፣ ማንኩሳ ድረስ ደውለው «ምራቴ ዲዛይን አለበሰችኝ» ሲሉ... አሮጊት ከተሞኘች መካሪ አላት?

የክርስትናው ለት ያንን ለብሰው ሶፋው ላይ፣ መጋረጃው ሥር ተቀመጡ። በቃ፣ ጠፉ። እንግዳው እየገባ በግራቸው ያለውን ይስማል፣ በቀኛቸው ያለውን ይስማል፣ ያልፋል። ፎቶ አንሺውማ ወደ እርሳቸው እየጠቆመ «ያችን ትራስ ወዲያ በሏት» አለ። እዚህ ላይ እትዬ ቻይነሽ ሳቁ፣ ወለተ ሐናንም አሳቁ። በርበሬው ነው መሰል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ቄስ ይርሳው ተነሡ። በእነ እትዬ ቻይነሽ ዘር የልጅ ልጅ በክርስትናው ለት የሚመረቀው በአባቱ እናት አፍ ነው፤ እርሳቸውም ወንዳወቅ ሚስት ካገባ ጀምሮ ያንን ምርቃት በልባቸው ሲያሰናዱ ኖረዋል። ቄሱም «የአባት እናት ይመርቁ» አሉ። ሰው ግራ ቀኙን አየ። ጓዳ ይሆናሉ ያለም ነበር። እዚህ ነኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሁሉ ሰው አላየኝም ብለው አፈሩና ድምፃቸው እንቢ አለ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ... ምርቃትም አይወጣበትም ለካ።»

ያቺ ልጅ ግን ምን ታድርግ፣ ሥራ በዝቶባት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ደኅና አድርጋ አየቻቸው... ከዚያ ዞር ብላ «እናቴ አለች አይደል፣ እሷ ትመርቅ» አለች። የልጅቱም እናት ከቡሬ መጥተው ነበርና ተነሥተው መረቁ። ጥሩ ምርቃት ነበር፣ ረጅም። እንግዲህ ልጅቱ አበባውን ብቻ አይታ ይሆናል። የገዛ ስፌቷን እያደነቀች ይሆናል፣ ማን ያውቃል? አንዲት ቅጠል የማትስት ዓይን አንዲት አማት ብትስት ይፈረድባታል?

ከመስኮቱ ወዲያ እሹሩሩው ተቋረጠ። ወለተ ሐና አንገቷን ደፍታ አንዲቱን በርበሬ ደጋግማ ትቀነጥሳለች። እትዬ ቻይነሽ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራረጉ፣ ወደ ሰማይ ዘረጉ። ለዚህች ሰዓት ነው ስንት ቀን ያልተኙት።

«ያልወጣ ምርቃት ሆድ ውስጥ ይሻግታል፣ ወለተ ሐና። አንቺ ስሚኝና አሜን በይልኝ። የልጄ ልጅ ይደግ፣ ይመንደግ። ለእናቱ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እስክትሸብት፣ እስክታረጅ ያኑርልኝ። ልጇ ትልቅ ሰው ይሁንላት፣ ከቤቱ ያስገባት፣ ይጡራት። ሸጋ ሚስትም ያግባላት። ያቺ ምራቷ ደግሞ... እሷ ለእኔ የሆነችልኝን ሁሉ ትሁንላት፣ አንዲትም ሳታጎድል።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አደረጉ።

«ምነው፣ እቤት ያላችሁትም አሜን በሉ እንጂ። ምርቃት እኮ ነው።»