«ወንድማችን» ሚስት ተገኘለት

ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስሄድ፣ ከኋላዬ ሁለት ልጃገረዶች ያወራሉ።

«በስልክ የምጻጻፋቸው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎች ‹ወንድማችን› ነው የሚሉኝ።»

«ሴት ነኝ አትያቸውም?»

«ብያለሁ። ‹ግድ የለም፣ እዚህ ሁላችንም ወንድማማች ነን› አሉኝ።»

«ጉድ እኮ ነው!»

«ጉዱማ ሌላ ነው። ዛሬ ሥራዬን እንዳሳያቸው በአካል ጠሩኝ። አንዱማ በስልክ የላክሁትን ናሙና ወዶ እህቱን ሊድርልኝ ነው።»

«እሰይ ሙሽራው! ሽማግሌ የለም?»

«አለ እንጂ! የቅድመ አያቶቼን ስም በስልክ አስጠይቀው፣ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ‹ዝምድና የለም፣ ይጋቡ› አሉ።»

«ሴትነትሽንስ?»

«እሱን የጠየቀ የለም።»

«ኧረ በማርያም! ዛሬ ሲያዩሽስ?»

«እሱ ነው የጨነቀኝ። በሠርጉ ሲጨቃጨቁ ሥራዬን ሳያዩልኝ እንዳይመሽ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ» ማለቱን ተውሁት።