ከፈረስ መጋላ ያነሳሁት ሽማግሌ

በኛ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው መንገድ አይጠይቅም ነበር፣ ክብሩ አይደለማ! እኔም ታዲያ በዚሁ ክብሬ ነው ጉድ የሆንኩት። ሄኖክ፣ አንተ በተለይ ስማ፣ ያንተው ጉዳይ ነው፤ ከጀሞ አንድ ጀሞ ሁለት በታክሲ የምትሄድ ሰው ስለ እግር መንገድ ምን ታውቃለህ!

ይኸውላችሁ፣ ለዚህ ለወንድሜ ልጅ የሐረሯን ልጅ ልንጠይቅለት ሦስት ሆነን ሄድን፣ እኔና ሁለት የመካኒሳ አቦ ሽማግሌዎች። ጀጎል፣ የድሮው ግንብ ውስጥ ደግሞ ሁሉ ነገር በእግር ነው፣ መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው በየዓይነቱ ቀለም የተቀባ፣ ዞረህ ዞረህ የምትወጣው አደባባዩ ላይ ነው፣ ፈረስ መጋላ ይሉታል፤ ሰዉ እዚያ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። እኔ ታዲያ «ተከተሉኝ!» ብዬ ፊት ፊት ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ሄድኩና ወጣሁ፣ ፈረስ መጋላ! ዞር ስል ሁለቱ የሉም። ብደውል «ሰማያዊ ግድግዳ ጋ ነን» ይሉኛል። ቆይቼ ብደውል «አሁን አረንጓዴው ጋ ነን።» ደግሜ ገባሁ፣ ደግሜ ወጣሁ፣ ፈረስ መጋላ! ሦስተኛም ገባሁ፣ ወጣሁ፣ የት? እሱን ልንገራችሁ እንዴ?

አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ዳር ተቀምጦ፣ «ጌታው፣ ይሄ ሦስተኛዎ ነው። ስለት አለብዎት?» አይለኝም!

«ኧረ ሽማግሌ ነኝ ወንድሜ፣ ጓደኞቼ ጠፉብኝ። ቀጠሮው አራት ሰዓት ነበር፣ ስድስት ሊሆን ነው፣ አባትየው ደግሞ ኃይለኛ ነው አሉ፣ ያረፈደን ከደጅ ነው የሚመልሰው። ብቻዬን ብሄድ ለማኝ እንጂ ሽማግሌ አልባል፤ እባክዎ ሽማግሌ ይሁኑኝ!»

«የማን ቤት ነው?»

«የአቶ ግርማ።»

ባርኔጣውን አስተካከለና «አውቀዋለሁ፣ እንሂድ» አለ። አጠገቡ ያለውንም ሰው አስነሳልኝ። ሦስት ሞላን!

እና እየሄድን «ልጁ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«እዚያ ስንደርስ ኢንጂነር ነው እንላለን።»

«ነው?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ውሃው ግን ከኢንጂነር ይልቅ እሱን ይሰማል። እንቅልፋም ነው፣ ጀሞ መውረድ ሲገባው ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ለቡ ይነቃል፣ ይሄንንም እንዳይናገሩ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እናቱ ታማ ስትተኛ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን በእጁ ያስታመመ እሱ ነው።»

ሰውዬው አንድ በር ጋ ደርሶ አንኳኳ፣ አንዲት ሴትዮ ከፈቱ። «ግርማ! ሽማግሌዎቹን ልፈልግ ብለህ ወጥተህ አገኘሃቸው?»

ወይ መሬት ተከፈቺ!

«በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ሴትዮዋ። እሱ ታዲያ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ምንጣፉ ላይ ቆሞ፣ «አንቀመጥም! ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። ልጅሽን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ እንቅልፋም ነው፣ እናቱን ግን በእጁ አስታሟል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ራስህ ለምነህ ማን ሊከለክልህ ነው? ተቀመጥ በቃ!»

ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ እኔም ወንበሩ ላይ ተዘረፈጥኩ። ሁለቱ ጓደኞቼ የደረሱት ታዲያ ምሳው ካለቀ በኋላ ነው!

(ይሄኔ የሄኖክ ሚስት ሜሮን፣ «ጋሼ፣ እንቅልፉን ለአባቴ ሲነግሩት ማንኮራፋቱን ለምን ደበቁት?» አለች።)

ሃሃሃ! ልጄ፣ ሁሉንም ብናገርማ አባትሽ መቼ ይቀመጥ ነበር!