የማይቀየረው ካርድ

ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት በነጠላ የጠቀለሉትን አሮጌ ላፕቶፕ ገልጠው አጠገባቸው ላለችው ወጣት አሳዩዋት።

«ልጄ፣ ቅድም በስልክ ስታወሪ ኮምፒውተር እጠግናለሁ ስትዪ ሰማሁሽ። የዚህ ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል? ጌሙ እየቆመ አስቸገረ።»

«እስቲ ልየው። አይ እማማ፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ካርድ በዚህ ላፕቶፕ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ አይቀየርም። ልጅዎ ነው የሚጫወተው?»

«ኧረ ባለቤቴ ነው! ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ እግሩ እምቢ አለው። የልጅ ልጃችን የመኪና ጌም ጫነችለት፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ ፈካ። አሁን መኪናው መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ሲልበት እንዴት እንደሚከፋው!»

«እንግዲያው የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ላድርግልዎ። ዛፉና ፎቁ ይደበዝዛል እንጂ መኪናው አይቆምም።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱ ይታያቸዋል።»

«መንገዱ ካለማ ምን ቸገረው!»

ወጣቷ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ነካካችው።

«ይኸው፣ አሁን ይሄዳል። ግን ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ሲነዱ አይሰለቻቸውም?»

«ለምን ብቻውን? ጎኑ ወንበር አለኝ፤ ጋቢና ነው የምቀመጠው። ምሳ ላቀርብ ስነሣ ታዲያ ስሙን ብጠራው አይሰማኝም።»

«እና ምን ያደርጋሉ?»

«‹ወራጅ አለ› እለዋለሁ። ዳር ይዞ ያቆምልኛል።»

ታክሲው መውረጃዬ ሃያ ሁለት ደረሰ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።