ሽቶ ጨርቁና የመሐሉ ቁራጭ

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ ተክለማርያም፣ የእጥበት፣ የማድረቂያና የካውያ ክፍል ልጆቼ፤ እንዲህ ሰብሰብ ብላችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። አግዳሚውን ከቀበሌው አዳራሽ ተሸክማችሁ ያመጣችሁ፣ ለስላሳውን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ያመላለሳችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። የማድረቂያው ዱባለም ዛሬ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። በዚህ ላውንደሪ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር የራሱን ሸሚዝ ተኩሶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ ሲባል ቀደም ብዬም ጡረታ መውጣት ነበረብኝ።

ንግግር ያድርጉ ተባልኩ። እኔ ምን ንግግር አውቃለሁ? የውይይት ክበብ ሲኖር ከኋላ ተቀምጬ የማንቀላፋ መሆኔን ጓድ ተክለማርያም ያውቃሉ። እሳቸውም ያንቀላፋሉ፤ ብቻ እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ነው።

ሰሞኑንማ እንቅልፉና ንቃቱ ተቀላቅሎብኛል። ጠዋት ከአስኮ በምመጣበት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ነጭ ነገር ይታየኛል። ግቢያችን ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ አንሶላው ሁሉ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ነፋስ ሲገባበት አንድ ላይ የሚነሳው። ከአንሶላው ወዲያ የሰው እግር ብቻ ነው የሚታየው። ፊታችሁን ሳላይ በእግራችሁ ሁላችሁንም እለያችኋለሁ። ሰርኬ ጫማዋን አውልቃ ነው የምታሰጣው። ዱባለ ቆሞ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ይሄኔ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ይቆምና እነቃለሁ።

ዛሬ ስለዚያ ስለ ሽቶ ጨርቅ ልናገር ነው። አዲስ የገባችሁት ልጆች ታሪኩን አታውቁትም፤ የቆየነውም አውቀን ዝም ብለናል።

በድርቁ ዓመት ለእርዳታ የመጡ ፈረንጆች ያረፉበት ቤት ማድረቂያው ተበላሸና ልብሳቸው ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ከልብሱ ጋር አንድ ካርቶን ላኩ። ውስጡ ስስ ነጭ ነገር ሞልቷል። ጨርቅ ነው እንዳይባል አልተፈተለም፤ ወረቀት ነው እንዳይባል ውሃ አይበጣጥሰውም። አንዷን ከእርጥቡ ልብስ ጋር ማድረቂያው ውስጥ ጣል አድርጉ አሉን፤ ልብሱ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱም አይጣበቅም፣ መዓዛም ይኖረዋል። ሽቶ ጨርቅ አልነው።

የማድረቂያውን በር ስንከፍት ክፍሉን የማናውቀው አገር አበባ ይሞላዋል። ዱባለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይሄኔ እኮ እዚያ አገር ሰዉ ሁሉ እንዲህ እያወደ ነው የሚሄደው» ይል ነበር። እኔም እጄን ሞቃቱ ልብስ ውስጥ ከትቼ እቆማለሁ። ቆሜ መተኛት የተማርኩት ያኔ ነው። ሰው ሲያየኝ ሐሳብ ይዟት ነው ይላል።

አንዴ የሠራውን ሽቶ ጨርቅ መጣል ሆዳችን አልቻለም። ሳሙና በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ማን ይጥላል? ቆሼ ወርዶ ምን ሊሆን? ደግመን አስገባነው፤ ደግመንም አስገባነው። ከፎጣም ጋር አስገባነው። አንድ ቀን ከአንድ ሆቴል ፎጣው ተመልሶ መጣ። ያመጣው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ፎጣችሁ ጾም ይዟል እንዴ? ውሃ አልቀምስ አለ» አለኝ። ለካ ጨርቁ የሚያለሰልሰው ቅባት ነገር እየቀባ ኖሯል። እንግዳው ገላውን ታጥቦ ውሃውን ከጀርባው ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ጀርባው ሲያዞር ቆየ አሉ። ሳቅን፤ ሳቅንና ተውነው። ቅባቱ ሰው ገላ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም።

የቤታችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ከመካከላችን አንዷ ልትወልድ ስትል፣ ካረጀ አንሶላና መጋረጃ ቁርጥራጭ እየገጣጠምን ለልጁ ትንሽ ብርድ ልብስ እንሰፋለን። ድሪቶ እንለዋለን፤ ሌላ ሰው ድሪቶ ካለው ግን እንጣላለን። ሁሉም አንድ አንድ ቁራጭ ይሰፋል፤ ወንዶቹም። የዱባለን ቁራጭ ከሩቅ ታውቁታላችሁ፤ ክሩ ጠጥቶ ነው የሚሄደው። የመሐሉን ቁራጭ ግን የምትጀምረው በዕድሜ ትልቋ ናት። መርቃ ትጀምራለች፤ ሌላው በዙሪያው ይቀጥላል። ያቺ ትልቅ እኔ ወለተጻድቅ ነበርኩ።

ዙቤዳ ረሻድን ስታረግዝ፣ ከእሱ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ነበርና ሁላችንም በስለት ነው የጠበቅነው። ድሪቶው እንዲያምር ፈለግን። ቁራጮቹ ሳስተው ስለነበር ከሥር የሚደግፋቸው ነገር አስፈለገ፤ ያገለገለው ሽቶ ጨርቅ ትዝ አለን። እሱን ከጀርባ አድርጋችሁ ስትሰፉ ቁራጩ አይሸሽም፣ አይጨማደድም፤ መርፌው ዝም ብሎ ይገባል። «አጥበነው ብንሰፋውስ?» ያለም ነበር። «ሽታው ይጠፋል እኮ» አልን በአንድ አፍ። ካርቶኑ ላይ ደግሞ አንድ የፈረንጅ ሕፃን ፈገግ ብሎ ተኝቷል። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ያነበበ የለም። ሥዕሉን አመንን።

ረሻድ ተወለደ። እናቱ አልሐምዱሊላህ አለች፣ እኛም እልል አልን፤ በድሪቶው ተጠቀለለ። ብዙም ሳይቆይ አንገቱና ጉንጩ ቀላ፤ ከዚያ ሻከረ፤ ከዚያ ቆሰለ። ክሊኒክ ወሰዱት፤ ሳሙና ቀይሩ ተባሉ፤ ቀየሩ። ከክሊኒክ ይመለስና ተመልሶ በዚያው ድሪቶ ይጠቀለላል።

አንድ ቀን ካውያ ክፍል ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ሰው የራሱ ወሬ ሲቋረጥ ያውቀዋል። የመሐሉን ቁራጭ የጀመረችው ማን ናት? ወለተጻድቅ። ልጅ ያላገኘችው ማን ናት? ወለተጻድቅ። ያልወለደች ሴት እጇ ለጨቅላ ይከብዳል ይባላል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስለ ሌላ ሰው ሲባል ሰምቻለሁ።

ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ይህን እመሰክርላችኋለሁ። ብቻ በዚያው ሰሞን ሰዓዳም ልትወልድ ቀርባ ድሪቶ ተጀመረ፤ እኔም መነጽሬን አውጥቼ ጠጋ አልኩ። ሰርኬ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ ወለቴ፣ እርስዎ ደክመዋል፤ ይረፉ» አለችኝ።

ይረፉ። እንዴት ያለ ደግ ቃል ነው? እኔ ግን አመመኝ። ቤቴ ገብቼ እጄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳየው ቆየሁ፤ ይሄ እጅ ምን አደረገ ብዬ።

በዚያ ሰሞን የማየው ሕልም አንድ ዓይነት ነበር። አንሶላዎቹ ከገመዱ ተነስተው በአሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ወደ አስኮ ይሄዳሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ። እኔ ከሥር መርፌ ይዤ እከተላለሁ። አንዱ ዝቅ ይልልኛል፤ ልይዘው ስል ከፍ ይላል። ሕልሙ አያስፈራም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ስነቃ ነው የሚከፋኝ።

ነገሩን ያገኘችው ዙቤዳ ናት። ከአራስ ቤት ወጥታ ሥራ በገባች ቀን ዱባለ ማድረቂያው አጠገብ የእጁን አንጓ ሲያክ አየችው።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«በረኪና ነው።»

«አንተ ደግሞ በረኪና መቼ ነክተህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ዱባለ ቀኑን ሙሉ የሚያወጣ የሚያስገባው ሽቶ ጨርቅ ነው። እጁን ጎትታ ወደ ብርሃን አወጣችው፤ አገላብጣ አየችው። ከዚያ፣ «ይሄ የልጄ ቁስል ነው» አለች።

በዚያው ቀን የረሻድን ድሪቶ ግቢ ላይ ዘርግተን ተረተርነው፤ የሰዓዳንም ከነጅምሩ ፈታነው። ሽቶ ጨርቁ ወጣ፣ ቁራጮቹ ታጠቡ። ዱባለም ከሽቶ ጨርቁ እጁን ሰበሰበ። ሁለቱም ዳኑ። ረሻድ ቀድሞ ዳነ፤ ዱባለ ማከክ ስለሚወድ ቆየ።

እኔስ? ጥፋቱ የእጄ እንዳልሆነ ሁላችሁም አወቃችሁ። ግን ክፉ የተናገረኝ ስለሌለ ይቅርታ የሚጠይቀኝም አልተገኘም። ያልተባለ ነገር እንዴት ይመለሳል? ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ ተወለደ። በየጊዜው ይረፉ እባላለሁ፤ መጀመሪያ በፍርሃት ነበር፣ ኋላ በሐፍረት፣ ኋላም እንዲያው በልማድ። ሰርኬ ዓይኗን ሰብራ የመሐሉን ትጀምራለች። እኔ ዳር ተቀምጬ ክር እቆርጣለሁ።

ይህን የማነሳው ላስቀይማችሁ ብዬ አይደለም። ቂም ይዤ ቤቴ መግባት ስላልፈለግሁ ነው። የሰጣችሁኝ ጋቢ ያምራል፤ እደርበዋለሁ። እኔ ግን ስመኝ የኖርኩት ሌላ ነበር፤ ከመውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የመሐሉን ቁራጭ ልጀምር ብዬ። በቃ፣ ተናገርኩት፤ ወጣልኝ።

ጓድ ተክለማርያም ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ሥራዬን ላስረክብ። ከካርቶኑ ውስጥ ጥቂት ሽቶ ጨርቅ አሁንም ቀርቷል። ገና ያልሠራበትን አዲሱን ጨርቅ፣ ቆዳው የሚቆጣ ሰው በባዶ እጁ አይንካው። ከፎጣና ከሕፃን ልብስ ጋር አታስገቡት። የማድረቂያውን ወንፊት በብሩሽና በሳሙና እጠቡት፤ ቅባቱ ይደፍነዋል፣ የተደፈነ ማድረቂያ ደግሞ እሳት ይጠራል። ያገለገለውን ለመስፊያ የምትፈልጉ፣ ባኞ ውስጥ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፣ እሹት፣ ደግማችሁ እጠቡት፤ በጣታችሁ ስትይዙት ማዳለጡን እስኪተው፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ። እንዲያም ሆኖ ለትልቅ ሰው አልጋ ልብስ እንጂ ለጨቅላ አይሁን። ከሰል ካውያ አጠገብ አታኑሩት፣ ብልጭታ አይችልም። የቀዘቀዘ ካውያ ለመወልወል ግን የሚስተካከለው የለም። ሽታው ደስ ስላለን ብቻ አምነነው ነበር፤ እናንተ እንዲህ አትታለሉ።

ዙቤዳ፣ ምነው ተነሳሽ? ሆድሽ እንዲህ ገፍቶ፣ ተቀመጪ እንጂ። ለእኔ ነው? ቆዩ፣ መነጽሬን።

የረሻድ ሸሚዝ ነው፤ ሰማያዊዋ። ጠበበችው እንዴ? «ታጥቧል እትዬ፤ ያሽትቱት» ትላለች። ሰማችኋት? እሺ፣ አሸተትኩ። ምንም የለውም፤ ፀሐይ ፀሐይ ነው የሚለው። በአራት ማዕዘን ተቆርጧል። መርፌም ተሰክቶበታል።

«ለሚመጣው ልጅ የመሐሉን ይጀምሩልኝ» ነው የምትለው።

እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

ሰርኬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ነይ፣ ክሩን አንቺ አስገቢልኝ። ዓይኔ አይሆንልኝም፤ እርጅና ነው፣ ሌላ አይደለም።

እንግዲህ መርፌ ይዤ ልመርቃችሁ። ዙቤዳዬ፣ በሰላም ይገላግልሽ፤ ረሻድም ታላቅ ወንድም ይሁን። ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ። ያጠባችሁት ይጥራላችሁ፣ ያሰጣችሁት ይድረቅላችሁ፤ ደመና ሲመጣ ቀድሞ አይቶ የሚጣራ ሰው አይጥፋባችሁ። ያልወለደም ልጅ አያጣ፣ እኔ እንዳላጣሁ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ የራቀውን መልሶ፣ የታመመውን ምሮ ለመስከረም ያድርሰን።

በሉ፣ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አቅርቡልኝ። ዛሬ ይረፉ የሚለኝ እንዳይኖር። ጡረታው ይህቺን ቁራጭ እስክጨርስ ይጠብቀኝ።