የገነቴ አሥራ ሁለት ቃላት

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በሀዲያ አገር በጊምቢቹ የገበያ ቀን፣ ድንገተኛ ዝናብ ሦስታችንን በነጋዴው በሱልጣን ሱቅ በረንዳ አስጠለለን። አንዱ እኔ የትምህርት ቤቱ መምህር ነበርኩ። ሁለተኛው አቶ ጠና፣ መንደሩ የሚሰማቸው ገበሬ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተገኘ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ልቡና የሚያጠና የዚሁ አገር ልጅ ነው።

ተገኘ በማዕረግ ለመመረቅ አንድ የጥናት ጽሑፍ መጨረስ ነበረበት። ለዚህም ሠላሳ የአንደኛ ክፍል ልጆችን መጠየቅ ሲገባው ስድስት ጎድለውታል። የስድስቱ ልጆች ወላጆች እንቢ ያሉት የአቶ ጠናን እንቢታ አይተው ነው።

«አባቴ፣ ልጅዎን ከበቡሽን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢፈቅዱልኝ» ሲል ተገኘ አቶ ጠናን በትሕትና ለመናቸው።

«ልጄ፣ ስም የሚጽፍ ሰው መጥቶ ግብር ሳይጨምርብን የሄደበት ጊዜ የለም። ደግሞም ከበቡሽን ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ላስቀራት ነው። ስትጠየቅ ዝም ትላለች አሉ። ታላቋ ገነቴም እንዲሁ ነበረች። የዛሬ አሥር ዓመት ‹ይህች ልጅ ትምህርት አይገባትም፣ ቤት ትርዳዎት› ብለው የመለሷት እኚህ መምህር ናቸው። ይጠየቁ።»

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነው አልኩት። ያን ቀን ደህና ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

«የእኔም ጥናት የሚመረምረው ይህንኑ ዝምታ ነው» አለ ተገኘ። «አሥራ ሁለት ቃላት አነብላቸዋለሁ፤ ያስታወሱትን ይነግሩኛል። አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በሀዲይኛ። ልዩነቱን ቢያዩ ይገረማሉ።»

«የሰው ጭንቅላት በወረቀት ይለካል? እኔ ከብቴን ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ። ልጄንም እንዲሁ።»

«ከብትዎን በማያውቀው አጠራር ቢጠሩት ይመጣልዎታል?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ይህ ልጅ አፍ አለው! እንግዲያው ገነቴን ፈትናት። እሷ ካልቻለች ነገሩ በዚሁ ያበቃል፤ ከበቡሽም ቤት ትቀራለች።»

ገነቴ ለገበያ ያመጣችውን ቆጮ ከዝናቡ እየከለለች ነበር። ስትጠራ እጇን ጠራርጋ መጣች። በአማርኛ ከተነበቡላት አሥራ ሁለት ቃላት አምስቱን ብቻ መለሰች። አቶ ጠና «አላልኩም?» በሚል ዓይን አዩኝ፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ተገኘ ቀጥሎ ሌሎች አሥራ ሁለት ቃላት በሀዲይኛ አነበበላት። ዓይኗን ጨፍና አንዱንም ሳታስቀር በተነበቡበት ተራ መለሰቻቸው። አባቷ በሀዲይኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ ባጭሩ መለሰች።

«ምን አለች?» አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የአገሩን እንጀራ በልቼ አስተርጓሚ ስፈልግ ያን ጊዜ አፈርኩ።

ተገኘ ጥቂት አመነታ። «አባቷ ‹ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?› አሏት። እሷም ‹በሚገባኝ ቋንቋ የጠየቀኝ አልነበረም› አለች።»

«ልጄን የበደልኳት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ጠና።

«አይደለም አቶ ጠና። እኔ ነኝ። የራሴን አለማወቅ በልጅዎ ላይ አላክኬ ወደ ቤቷ ሰደድኳት።»

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ዞረው፣ «ከበቡሽ ትማራለች። የቀሩትንም ወላጆች ነገ ራሴ አነጋግርልሃለሁ። ጽሑፍህን ጨርስ» አሉት። ዝናቡ ሲያባራ ገነቴ ወደ ቆጮዋ ተመለሰች። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ በምን ቋንቋ?

ከዚያ ዓመት ወዲህ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ትምህርቱን መጀመሪያ፣ በአስተርጓሚም ቢሆን፣ በቤታቸው ቋንቋ እናስረዳቸዋለን። ዝም ይሉ የነበሩት እጅ ማውጣት ጀምረዋል፤ ከትምህርት የሚቀሩትም ልጆች ቁጥር እጅግ አንሷል። ከበቡሽ ዛሬ ለአባቷ ከወረዳ የሚመጣውን ደብዳቤ ታነብላቸዋለች። መምህር የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ ልጁን ‹አይገባውም› ከማለትህ በፊት አንተ ያልገባህ ነገር እንዳለ መርምር።

ተገኘ በማዕረግ ተመርቆ በዚያው ዓመት በሐምሌ የጽሑፉን ቅጂ ላከልኝ። ሠላሳውም ልጆች በሰንጠረዡ ተራ በተራ ተቀምጠዋል። ገነቴን ብፈልጋት ግን አጣኋት። ለምን እንደሌለች ጠይቄ ስጽፍለት እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ጥናቱ የሚመለከተው የአንደኛ ክፍል ልጆችን ነው። እሷ ዕድሜዋ አልፏል።»