ውሃ የማትጠጣው ተማሪ

የልጄ የውሃ ኮዳ እንደ ሞላ ይመለስ ነበር። ጠዋት ሞልቼ ቦርሳዋ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ማታ ስከፍተው ያው ነው። ረስታው ይሆናል እያልኩ ለአበባዎቼ አፈስሰው ነበር። ትኩሳትና የጎን ውጋት ጥሏት ክሊኒክ ስንገባ፣ ሐኪሙ "ይህቺ ልጅ ውሃ ትጠጣለች?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ እኮ መኪና ይገጫታል፣ የክፍሉ ጣራ ይወድቅባታል፣ ሰው ይከተላታል እያልኩ እንቅልፍ የማጣ ሴት ነኝ። ኮዳው ግን በሐሳቤም አልመጣ።

ኩላሊቷ ቆስሏል ተባለ። ግሉኮስ ተክለውላት ከመጋረጃ ጀርባ ስትተኛ፣ ኮሪደሩ ላይ የአባቴን ወንድም አገኘሁት። ደም ግፊቱን ሊለካ መጥቶ ተራ ይጠብቃል። ሰፈሩ "አንደኛው ዙር" ይለዋል፤ የካቶሊክ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከገቡት ልጆች አንዱ ስለሆነ፣ ይህንንም ለሰው ሳይናገር ውሎ ስለማያውቅ። አሁን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ትምህርት ቤቱ እስከ አምና የወንዶች ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ልጄን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ተቀበለ። የሴት መጸዳጃ ቤት ግን የለውም። መሄድ የፈለገች ተቆጣጣሪውን ወረቀት ታስፈርማለች፣ ለዘበኛው ታሳያለች፣ ከዚያ መንገድ ተሻግራ የገዳሙን ሲስተሮች ቤት ታንኳኳለች። ወንዶቹ ወረቀቱን ካዩ በየመስኮቱ ያጨበጭባሉ። ሦስቱ ሴቶችም ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ላለመጠጣት ተስማሙ።

"እኔ ገና ሴቶች ይግቡ የተባለበት ስብሰባ ላይ ብዬ ነበር" አለ አጎቴ። "ያ ግቢ ለወንድ ነው የተሠራው። አስወጫትና ተገላገዪ።"

እውነቱን ለመናገር እኔም የቆረጥኩት ይህንኑ ነበር። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን አላማረኝም።

"አስወጥቼስ የት ልውሰዳት ጋሼ? ሌላው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለውም። እሷ ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ እሆናለሁ ብላ ነው።"

"እኛ ስንጀምር ምን ነበረን? ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል! አራተኛን ስንጨርስ አምስተኛ የለም፤ ድንጋይ ተሸክመን አምስተኛን ሠራን። ስምንተኛም እንደዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውም እንደዚያው። ትምህርት ቤቱ ከእኛ ጋር ነው ያደገው። ሱሪያችን ሲያጥር አንድ ክፍል ይጨመር ነበር።"

"የተቃወመ አልነበረም?"

"ሞልቶ! ኬሚስትሪ ከገባ ልጆቹ እምነታቸውን ይጥላሉ ተብሎ አባቴ ሊያስወጣኝ ነበር።"

"ታዲያ ጣላችሁ?"

"እኔን እንኳ የጣለኝ ራሱ ኬሚስትሪው ነው።"

ጎናችን ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

"መጸዳጃውስ መቼ ተሠራ?"

"በሁለተኛው ዓመት። የአንጀት ተስቦ ገብቶ ነበር። መሥራቹ አባ ትምህርቱን ዘግተው ጉድጓድ አስቆፈሩን። ቀሚሳቸውን ሰብስበው እሳቸውም አካፋ ይዘው ገቡ። ልጆቹ ታመው የሚውሉበትን ቤት ትምህርት ቤት ብዬ አልጠራም አሉ።"

"ለእናንተ ትምህርት ተዘግቶ ተቆፈረ። ለእነዚህስ?"

"ሦስት ናቸው እኮ ልጄ።"

"ከእናንተ ስንቱ ሲሞት ነው የተቆፈረው?"

አጎቴ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቱ እያሻሸ "ሁለት" አለ። "አንዱ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው።"

"የማኅበራችሁ ድንጋይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተከምሯል፤ የታሪካችሁን ማሳያ ክፍል ልትሠሩበት። የዚያን ልጅ ታሪክ ትጽፉበታላችሁ?"

ያን ጊዜ ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ተናገረች። "አባባ፣ እንዳያስወጡኝ ይንገሩልኝ። ሦስተኛዋ ልጅ ካቆመች ቆይታለች። ሰነፍ ነች አሏት እንጂ እሷም ታማ ነው።"

ተራው ደርሶ ነርሷ ጠራችው። አጎቴ ግን ተነስቶ ደም ግፊቱን ሳይለካ ወጣ።

ድንጋዩ ለሴቶቹ መጸዳጃ ዋለ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከመስኮቶቹ እይታ ውጭ፣ ቧንቧ ያለው ቤት ተሠራ። ሲስተሮቹ ለሴቶች ልጆች ስለ ሰውነታቸው ማስተማር ጀመሩ፤ ወንዶቹንም የአሁኑ ርእሰ መምህር አባ ራሳቸው ሰብስበው ተቆጧቸው። ለከርሞ ሴት ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚጠይቁ እናቶች ብዙ ናቸው። ያ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ክፍል በመጨመር ነበር የሚያድገው፤ ዘንድሮ አንድም ክፍል ሳይጨምር አደገ። ይህን የምጽፈው ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስለ ደብተሯ ብቻ ሳይሆን ስለ ውሎዋም እንድትጠይቁ ነው። የልጄ አንድ ኩላሊት እንደ ቀድሞው አይሆንም ብለውናል። ሌሊት ስትነሳ እኔም እነሳለሁ።

ሥራው ባለቀ ዕለት አጎቴ ወደ ሦስተኛዋ ልጅ ቤት ሄደ። ሲመሽ እኛ ጋ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"የለችም" አለ። "ሌላ ከተማ፣ ሰው ቤት ለሥራ ልከዋታል። እናቷ ሰፈሩን እንኳ በደንብ አታውቀውም።"

"ትገኝ ይሆናል ጋሼ።"

"አንቺ ደግ ነገር ስታስቢ ገና ዛሬ ሰማሁ።" ፊቱን በመዳፉ አበሰ። "ነገ እናቷን ይዤ እሄዳለሁ። ቦታዋን እንዲያቆዩላት ለአባ ነግሬአቸዋለሁ። እዚሁ ልደር፤ መናኸሪያው ከዚህ ይቀርበኛል። ያኔ ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የምፈልጋትም እኔው ነኝ።"

ልጄ አልጋዋን ለቀቀችለትና እኔ ጋ አነጠፈች። መብራቱን ሳላጠፋ ወደ በሩ ሄድኩ። ያቺ ልጅ ዛሬ የምታድርበትን ቤት ማን እንደሚዘጋው እያሰብኩ፣ የእኛን በር ቆለፍኩ።